ያለ ኢንሹራንስ ጥርስ ማሠራት፦ ከሱፐር በፊት የሚሞከሩ መንገዶች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለአዲስ አንባቢዎች፦ የዚህ አምድ አዘጋጅ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ ዴንታል ፕሮስቴቲስት ነኝ። ሥራዬ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ መለካት፣ መሥራትና መጠገን ነው። ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ገንዘብ ናቸው። «ሱፐር» የሚባለው ለሠራተኛ ለጡረታው የሚጠራቀምለት ገንዘብ ነው። ሦስቱን መርጫለሁ።

«ከሱፐርሽ እናስወጣልሻለን አሉኝ»

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 57 ነው። የምኖረው ሰንሻይን ሲሆን ማታ ማታ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ቋሚ አይደለሁም፣ ካዡዋል ነኝ። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ወገቡን ታሞ ሥራ ካቆመ ሰነባብቷል። ከላይ የቀሩኝ ጥርሶች አራት ናቸው፤ እነሱም ይነቃነቃሉ። ከታች የኋላዎቹ የሉም። የግል ኢንሹራንስ የለንም። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ሁሉንም ነቅለው አጥንት ላይ በብሎን የሚታሰር ጥርስ እንደሚሠሩልኝ ነገሩኝ። ለላይኛው ብቻ 26,000 ዶላር ነው። ገንዘብ የለኝም ስል ከሱፐርሽ እናስወጣልሻለን፣ ወረቀቱንም እኛ እንሞላለን አሉኝ። እህቴ ደግሞ አሁኑኑ ኢንሹራንስ ግቢ ትለኛለች። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ነው የማወራው። የትኛው ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ለጊዜው ምንም ነገር እንዳይፈርሙ። የጠየቁኝ ኢንሹራንስ ወይስ ሱፐር ብለው ነው። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት የምጠይቅዎት አለ። ሄልዝ ኬር ካርድ አለዎት? ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የቅናሽ ካርድ ነው።

በደብዳቤዎ አላነሱትም። ሥራ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያነሳውም፤ ካርዱ ሴንተርሊንክ (የመንግሥት የድጎማ መሥሪያ ቤት) ለሚረዳው ሰው ብቻ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። እየሠራ ገቢው ዝቅ ያለ ሰውም ማመልከት ይችላል። ሲጠይቁ «ሎው ኢንካም ሄልዝ ኬር ካርድ» ይበሏቸው። የሚያዩት ከማመልከቻው በፊት ባሉት 8 ሳምንታት የገባውን ገቢ ነው። ባለትዳር ከሆኑ የሁለታችሁን ይደምራሉ። እንደ እርስዎ ሺፍቱ አንድ ሳምንት በዝቶ ሌላ ሳምንት ለሚያንስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሥራ የቀነሰበትን ጊዜ ጠብቀው ያመልክቱ። ድሮ ባለቤትዎ በሚነዱበት ጊዜ ተከልክለው ከነበረም ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው፤ የቤታችሁ ገቢ ተቀይሯል። የገቢ ጣሪያው በየጊዜው ስለሚስተካከል የወቅቱን ቁጥር ይጠይቁ። እዚህ አገር በቅርቡ ነዋሪ ለሆነ ሰው የ4 ዓመት መጠበቂያ አለ፤ በስደተኛነት የገቡትን ግን አይመለከትም። የሴንተርሊንክ የብዙ ቋንቋ መስመር 131 202 ነው። በአማርኛ ማውራት እፈልጋለሁ ይበሉ።

ካርዱ ምን ያደርግልዎታል? የመንግሥት ጥርስ ሕክምና ይከፍትልዎታል። ቪክቶሪያ ውስጥ ሄልዝ ኬር ካርድ ወይም የጡረተኛ ካርድ ያለው አዋቂ ሰው በሚኖርበት አካባቢ የኮሚኒቲ ሄልዝ ክሊኒክ ይታከማል። ካርልተን ያለው ሮያል ዴንታል ሆስፒታልም የዚሁ አካል ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስም ይሠራሉ። ለላይና ለታች ሙሉ ጥርስ ታካሚው የሚከፍለው ከ200 ዶላር በታች ነው። ያንኑ በግል ስታሠሩ ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር አካባቢ ይወጣል። ልዩነቱን አስቡት። በስደተኛነት የመጡና ጥገኝነት የጠየቁ ሰዎች ደግሞ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሲደውሉ እንዴት እንደመጡ መናገር አይርሱ።

«የመንግሥት ጥርስ አይረባም» የሚባለውን ሰምቻለሁ። በዚህ ጉዳይ በጣም አዝናለሁ፤ ሰዎቻችን በዚህ ወሬ ምክንያት የማያስፈልግ ዕዳ ይገባሉ። የሚሠሩት ባለሙያዎች እንደኛው በዴንታል ቦርድ የተመዘገቡ ናቸው። የሚሠራበት አክሪሊክም አንድ ዓይነት ነው። እንዲያውም ወረፋው ሲበዛ ክሊኒኩ ቫውቸር ሰጥቶ ወደ ግል ባለሙያ ይልካል። ቫውቸር ይዞ የሚመጣ ሰው ከኪሱ ከከፈለው ሰው ጋር በአንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

ችግሩ ጥራቱ አይደለም፣ ወረፋው ነው። ዓመትም ከዚያ በላይም ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ካርዱ በእጅዎ በገባ ዕለት ደውለው ስምዎን አስመዝግቡ የምለው። ስሙን ማስገባት ምንም አያስከፍልም፤ ሌላ መንገድ ካገኙም መሰረዝ ይችላሉ። አድራሻና ስልክ ሲቀይሩ ይንገሯቸው። ወረፋው ደርሶ መልእክት ልከው መልስ ካጡ ስምዎን ያወጡታል።

አሁን የምነግርዎትን ግን በደንብ ያንብቡልኝ። ወረፋው አንድ ዓይነት አይደለም። ለሰው ሠራሽ ጥርስ የቅድሚያ ዝርዝር አለ። እዚያ ውስጥ የሚገባው ማን እንደሆነ ሲወሰን በስልክ የሚሰጡት መልስ ትልቅ ቦታ አለው። እኛ ደግሞ ታመን እንኳ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ልማዳችን ነው። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «እንዴት ነው፣ መብላት ትችያለሽ?» ስትል «አዎ፣ ምንም አይልም» ብለው ይመልሳሉ። እሷም ደህና ብላ ትጽፋለች። ወደ ኋላ ተገፉ ማለት ነው።

ስለዚህ እውነቱን በዝርዝር ይንገሯት። ከላይ አራት ጥርስ ብቻ እንደቀረና እንደሚነቃነቅ ይንገሯት። ሥጋ መብላት ካቆሙ ይንገሯት። ከከሱ፣ ድድዎ ከደማ፣ ሌሊት የሚያስነሳ ሕመም ካለ፣ ስኳር ካለብዎት፣ በጥርስዎ ምክንያት ሰው ፊት መናገር ካፈሩ ሁሉንም ይንገሯት። ማጋነን አያስፈልግም፤ መደበቅ ብቻ ይቅር። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎት ከሆነ 131 450 ላይ አስተርጓሚ አለ፤ ክሊኒኩ ሲያዘጋጅልዎት አያስከፍልም። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። እናት በልጇ ፊት አፌ ይሸታል፣ ማኘክ አቃተኝ አትልም። የሚነቃነቁት ጥርሶች ካመሙ ወይም ካበጡ ደግሞ አጠቃላይ ወረፋውን አይጠብቁ። ያ ድንገተኛ ነው፤ በድንገተኛ ይደውሉ።

አሁን ወደ እህትዎ ምክር ልምጣ። ለሌላ ጊዜ ሊጠቅም ይችላል፣ ለዛሬው ችግርዎ ግን አይሆንም። ሰው ሠራሽ ጥርስ በኢንሹራንሶቹ ዘንድ «ሜጀር ዴንታል» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ከፍለው ካልጠበቁ አይነኩትም። ከጠበቁም በኋላ የዓመት ጣሪያ አለው። ለምሳሌ በወር 60 ዶላር ቢከፍሉ በዓመት 720 ይሆናል። ጣሪያው 1,000 ቢሆንና የዋጋውን ግማሽ ብቻ ቢመልሱልዎት፣ ከ1,600 ዶላር ጥርስ የሚያገኙት 800 ነው። ዓመት ሙሉ በድድዎ እያኘኩ ያተረፉት 80 ዶላር ነው። ገንዘቡን በየወሩ ለብቻ ቢያስቀምጡት ይሻላል። መነጽርም፣ ፊዚዮቴራፒም፣ የጥርስ ጽዳትም ለሚጠቀም ቤተሰብ ስሌቱ ሌላ ነው፤ እሱን አልከለክልም።

«ከጂፒ ወረቀት ካመጣሽ ሜዲኬር ይከፍላል» የሚልዎትም ይኖራል። ጂፒ ማለት የቤተሰብ ሐኪም ነው፤ ሜዲኬር ደግሞ የመንግሥት የጤና መድን። ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 ድረስ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው በጂፒው በኩል ተልኮ በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ 4,250 ዶላር የጥርስ ሕክምና በሜዲኬር ያገኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ያሠሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም ለጎረቤት ይመክራሉ። ፕሮግራሙ በ2012 ኅዳር ወር ተዘግቷል። አሁን ያለው የልጆች ብቻ ነው። ሜዲኬር በ1984 ሲጀመር ጀምሮ አፍን ከሰውነት ነጥሎ አስቀርቶታል። ጉልበትህ ቢታመም ያክምሃል፤ ጥርስህ ቢያልቅ ግን የራስህ ጉዳይ ነው ይልሃል። ይህ ትክክል አይደለም። ምርጫ በመጣ ቁጥር በየሰፈሩ የሚያንኳኩትን ዕጩዎች እጠይቃቸዋለሁ። እናንተም ጠይቋቸው።

ሱፐር። ሕጉን ልንገርዎት። በርኅራኄ ምክንያት ሱፐርን ቀድሞ ማውጣት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ የሚወስነው የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። ለሕክምና ሲሆን ሕመሙ ለሕይወት የሚያሰጋ፣ ወይም ብርቱ ወይም የማያቋርጥ ስቃይ ያለው፣ ወይም የአእምሮ ሕመም መሆን አለበት። ሁለት ሐኪሞች ይፈርማሉ፤ አንዱ የዘርፉ ስፔሻሊስት ይሆናል። ሕክምናው በመንግሥት በኩል በቀላሉ የማይገኝ መሆኑም ይጠየቃል። ማመልከቻው ራሱ ነጻ ነው። «እንሞላልሻለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሸጥልዎት ነጻውን ነገር ነው። የማይገቭ (የመንግሥት አገልግሎቶች የኢንተርኔት አካውንት) የይለፍ ቃልዎን ለማንም አይስጡ። ለክሊኒክም፣ ለወኪልም፣ ለሚያውቁት ልጅም።

ዕድሜዎ ከ60 በታች ስለሆነ ከሚወጣው ላይ እስከ 22 በመቶ ግብር ሊቆረጥ ይችላል። 26,000 በእጅዎ እንዲገባ ከ33,000 በላይ ከሱፐርዎ ይወጣል ማለት ነው። በጽዳት ሥራ የተጠራቀመ ሱፐር ስንት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። ያ ገንዘብ የጡረታ ዘመንዎ ኪራይ ነው።

በብሎን የሚታሰረው ጥርስ መጥፎ ነው አላልኩም። ለአንዳንድ ሰው በተለይም የታችኛው አልቀመጥ ብሎ ለሚሰቃይ በጣም ጥሩ ነው። ግን የእርስዎ ችግር የላይኛው ነው። የላይኛው ሙሉ ጥርስ ላንቃን ሸፍኖ ስለሚይዝ አብዛኛው ሰው በቀላሉ ይለምደዋል። የታችኛው ነው ምላስ የሚገፋው። እርስዎ ደግሞ ከታች የፊት ጥርሶችዎ ስላሉ ተነቃዩ እነሱን ተደግፎ ይቀመጣል። እንደኔ እምነት ከ26,000 ዶላሩ ነገር በፊት ተራው ተነቃይ ሊሞከር ይገባል። ሌላ የጥርስ ሐኪም ዘንድም ሄደው ሁለተኛ አስተያየት ይስሙ።

ካርዱን ቢከለከሉስ? ወይም ወረፋውን መጠበቅ ባይችሉስ? ያኔ በግል ማሠራት ይመጣል፤ እሱም ቢሆን ሱፐር አያስነካም። ጥርሱን የሚነቅለው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሰው ሠራሹን ለማሠራት ግን በቀጥታ ወደ ዴንታል ፕሮስቴቲስት መሄድ ይችላሉ። ሪፈራል አያስፈልግም። ብዙ ጊዜም ይረክሳል፤ ለክቶ የሚሠራው ያው ሰው ነውና። ስሙን የጤና ባለሙያዎችን በሚመዘግበው አህፕራ ድረ ገጽ ላይ ጽፈው መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ነጻ ነው።

የዋጋ ዝርዝር ሲጠይቁ ጥቅል ዋጋ አይቀበሉ። ከነቁጥሩ ይጻፉልኝ ይበሉ። በአውስትራሊያ እያንዳንዱ ሥራ ቁጥር አለው። የላይኛው ሙሉ 711 ነው፣ የታችኛው ሙሉ 712፣ ሁለቱም አንድ ላይ 719። ከፊል የፕላስቲክ ከሆነ ላይኛው 721፣ ታችኛው 722። ከፊል የብረት ከሆነ 727 እና 728። ለእርስዎ የሚያስፈልገው 711 እና 722 ይመስለኛል። ይህን ይዘው ሦስት ቦታ ቢደውሉ ዋጋውን በእኩል ማወዳደር ይችላሉ። ብረቱ ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ ግን ይወደዳል። ጥርሶቹ የሚቆዩ መሆናቸው እስኪታወቅ ድረስ ፕላስቲኩ ይበቃል። በፕላስቲኩ ላይ በኋላ ጥርስ መጨመርም ይቀላል። ለማስተካከል የሚመለሱባቸው ቀጠሮዎች በዋጋው ውስጥ መሆናቸውን በጽሑፍ ይያዙ።

ለገንዘቡ ኒልስ የሚባል ወለድ የሌለው ብድር አለ። የሚያስተባብረው ጉድ ሼፐርድ ነው። እስከ 2,000 ዶላር ያበድራሉ፣ ወለድም የአገልግሎት ክፍያም የለውም፣ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ይመለሳል። ገንዘቡን በቀጥታ ለባለሙያው ነው የሚከፍሉት። ካርድ ያለው ወይም ለብቻው ከሆነ በዓመት ከ70,000፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር ከሆነ ከ100,000 ዶላር በታች የሚያገኝ ማመልከት ይችላል። ብዙ ባለሙያዎችም ግማሹን ልኬት ሲወሰድ፣ ቀሪውን ሲረከቡ መቀበል አይከብዳቸውም። ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ለእኔ በየሳምንቱ 40 ዶላር እየከፈሉ የጨረሱ ደንበኞች አሉኝ፤ አንዳቸውም ቀርተውብኝ አያውቁም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሌላ ሰው አይነግርዎትም። ሰው ሠራሹ ጥርስ ተሠርቶ ከማለቁ በፊት በሮዝ ሰም ላይ ተደርድሮ አፍዎ ውስጥ ይሞከራል። ያን ቀን አይቸኩሉ። መስተዋቱን ይዘው ወደ መስኮት ይሂዱና በቀን ብርሃን ይዩት። የሠርግ ፎቶዎን ይዘው ይምጡ። ፍንጭት ከነበሩ ፍንጭቱን አስቀምጡልኝ ይበሉ። እዚህ አገር የሠለጠነ ባለሙያ ክፍተት ሁሉ እንደ ጉድለት ስለሚያየው፣ ካልነገሩት ዘግቶ ነው የሚያስረክብዎ። ድድዎን የተነቀሱ ከሆነ ወይም ድድዎ ጠቆር ያለ ከሆነ ጠቆር ያለ ድድ ቀለም አለ፤ ያንን ይጠይቁ። አንዲት የጎንደር እናት ሰሙ ላይ ሳለ «ይኼ የኔ አፍ አይደለም፣ የፈረንጅ አፍ ነው» ብለው መለሱልኝ። ጠቆር ያለውን አድርጌ፣ ሁለቱን የፊት ጥርሶች በትንሹ አራራቅሁላቸው። በመስኮቱ በኩል አይተው ዝም አሉ፤ ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ። ሰሙ ላይ ለውጥ ቀላል ነው። አክሪሊኩ ከደረቀ በኋላ ግን ሁሉም ያስከፍላል።

ጥርሶቹ በተነቀሉበት ቀን ወዲያው የሚገባ ጥርስም አለ። አፍዎ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ለሚያፍር ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን ከተነቀለ በኋላ ድዱና አጥንቱ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚቀንስ ጥርሱ ይሰፋል። ከውስጥ እንደገና መሞላት ይኖርበታል፤ ቁጥሩ 743 ነው። ይህ ወጪ ከመጀመሪያው ይነገርዎ።

ሲለምዱት ደግሞ ቀስ ይበሉ። እንጀራ በሽሮ፣ ቅንጬ፣ ገንፎ ይቅደም። ጥብሱ በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ፣ በሁለቱም ወገን ይታኘክ። ቆሎ ለጊዜው ይቅር። ቡና ሲጠጡ ይጠንቀቁ፤ ላንቃዎ ስለተሸፈነ ሙቀቱን ቀድሞ አይነግርዎትም፣ ጉሮሮዎን ያቃጥልዎታል። ቤት ውስጥ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ዳዊት ይድገሙ። ምላስዎ የሚላመደው በዚያ ነው።

«ለጥምቀት አገር ቤት ስሄድ ላሠራው?»

«ዳንደኖንግ ነው የምኖረው፣ 49 ዓመቴ ነው። መኪና እነዳለሁ፣ ካርድ አይሰጡኝም፤ ገቢዬ በትንሹ ያልፋል። ኢንሹራንስ የለኝም። ጥር ላይ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ጓደኞቼ እዚያ በርካሽ አሠርተው መጡ። የቀሩትን አስነቅዬ ሙሉውን ላሠራ አስቤያለሁ። ጥሩ ነው?»

ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ እጃቸው የተባረከ ባለሙያዎች አሉ። ዋጋውም እዚህ ካለው ጋር አይወዳደርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስቱ ሳምንት ነው።

ነቅለህ፣ ቁስሉ ሳይድን ለክተህ፣ ተረክበህ ትመለሳለህ። ከዚያ እዚህ ከገባህ በኋላ ድድህ ይቀንሳል፣ ጥርሱ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ቦታ ይቆርጥሃል። ያስተካክለኝ የምትለው ሰው ቦሌ ነው። እዚህ የሌላ ሰው ሥራ ለማስተካከል የሚፈቅድ ባለሙያ ትፈልጋለህ፤ ያም አዲስ ክፍያ ነው። በዚህ መንገድ መሥሪያውን በርካሽ አግኝተው በማስተካከያ ያወጡትን ሰዎች አይቻለሁ።

የሚነቀል ካለ አሁን እዚህ አስነቅል። እስከ ጥር ድረስ ድድህ ይድን። ሐኪምህ በእውነት መነቀል ያለበት የትኛው እንደሆነ ይንገርህ፤ ለሙሉ ጥርስ ብሎ ደህናውን ጥርስ መንቀል ትልቅ ጥፋት ነው። በተለይ ከታች የቀሩ ሁለት ጠንካራ ጥርሶች ለተነቃዩ ትልቅ ድጋፍ ናቸው። ኤክስሬይህን በስልክህ ያዝ። የደም ማቅጠኛ ወይም የአጥንት መሳሳት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ሳትነቀል በፊት ለሐኪሙ ንገር።

አዲስ አበባ ስትደርስ ቀጠሮው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይሁን። ዘመድ ጠይቀህ ስትጨርስ በመጨረሻው ሳምንት የተጀመረ ጥርስ ችግር ይዞ ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው። ልኬት፣ ንክሻ፣ ሰም ላይ ሙከራ፣ ርክክብ፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለማስተካከል መመለስ አለብህ። በመሀል ጥብሱንም ክትፎውንም ብላበት። የሚቆረቁርህ ቦታ እዚያው ሳለህ ይታወቅ። በምን ዕቃ እንደተሠራ በወረቀት ጻፉልኝ በል። እዚህ የሚጠግነው ሰው ይህን ይጠይቅሃል።

ኒልስን ግን ከላይ አንብብ። ገቢህ ካርድ ያስከለከለህ መሆኑ ብድሩን አይከለክልህም።

«የእማማ ጥርስ ለሁለት ተሰበረ»

«እናቴ ከባሕር ዳር በጉብኝት ቪዛ መጥታለች። አገር ቤት ያሠራችው የላይኛው ጥርስ ሲታጠብ ወድቆ ለሁለት ተሰበረ። ወንድሜ በሱፐር ግሉ ላጣብቀው ይላል። ሜዲኬርም ካርድም የላትም። አዲስ ማሠሪያ የለኝም፤ ምን ላድርግ?»

ወንድምሽን ሙጫውን አስቀምጥ በይው። ሙጫው አንዴ ከገባ ሁለቱ ስባሪዎች በትክክል አይገጥሙም፤ የሚጠገነውን ጥርስ የማይጠገን ያደርገዋል። ሙጫው አፍ ውስጥ እንዲገባም አይደለም የተሠራው።

አዲስ አያስፈልጋትም። ሁለቱንም ስባሪና የወደቀ ጥርስ ካለም እሱን ለቅመሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ አቅራቢያሽ ወዳለ ፕሮስቴቲስት ይዘሽ ሂጂ። ጠዋት ከሰጠሽ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይደርሳል። ዋጋውም ከአዲሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለዚህ ቪዛም ካርድም አይጠየቅም፤ ስትደውዪ ዋጋውን ጠይቂ።

እማማ ከመሰበሩም በፊት «ይላቀቃል» ይሉ ከነበረ የሰበረው መውደቁ ብቻ ላይሆን ይችላል። ድዳቸው ቀንሶ ጥርሱ መሀሉ ላይ እየተንገጫገጨ ይሰነጠቃል። እንዲህ ከሆነ ተጠግኖ ከውስጥ ይሞላላቸው፤ ሁለቱን በአንድ ቀጠሮ ማሠራት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ሲያጥቡት መታጠቢያው ውስጥ ፎጣ ያንጥፉ ወይም ውኃ ይሙሉበት። ቢያመልጣቸው ሸክላው ላይ አያርፍም። በሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፤ የጥርስ ሳሙና ይቧጭረዋል። የፈላ ውኃ አይንካው፣ ቅርጹን ያጣል። ሌሊት አውልቀው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያድርጉት። እናቶች ማውለቁን አይወዱም፣ በተለይ ሰው ቤት ሲያድሩ። ክዳን ያለው ዕቃ ግዢላቸውና መኝታ ክፍላቸው ውስጥ አስቀምጪላቸው።